ዘይት ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። ተፋላሚዎቹ ሦስት ናቸው፤ ያገለገለ ሞተር ሻጩ፣ የኮሮላቸው ሞተር «በቃኝ» ያላቸው ጋሼ እና ጋሼ ይዘውት የመጡት መካኒክ። ገላጋይ የለም።

ሻጩ፦ ይግቡ ጋሼ! ከኮንቴነር የወረደ 5A። የሻርጃ ነው፤ አንዲት አሮጊት ናት የነዳችው፤ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት።

መካኒኩ፦ ያቺ አሮጊት ስንት መኪና ነበራት? እዚህ ተራ ያለው ሞተር ሁሉ የሷ ነው እኮ።

ጋሼ፦ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል?

ሻጩ፦ ምንም አልሄደም ቢባል ይቀላል።

መካኒኩ፦ ቆጣሪው ዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ ዳሽቦርዱ ሻርጃ ቀርቷል። ዕድሜውን በምን አወቅህ?

ሻጩ፦ ዕድሜው ምን ያደርግልሃል? ልታገባው ነው?

ጋሼ፦ ዘይት ይበላል?

ሻጩ፦ ጋሼ፣ ጾም እኮ ነው፤ ቅቤ እንዲበላ ፈልገው ነው?

መካኒኩ፦ ከባትሪ አገናኝና አስነሳው። ይኸው ሰማያዊ ጭስ! ወይ የፒስተን ፋሻው አልቋል፣ ወይ የቫልቭ ጎማው ደርቋል። ነጩም ተከተለ። ሰማያዊና ነጭ! ሞተር ነው ወይስ ሚኒባስ ታክሲ?

ጋሼ፦ የዘይት ክዳኑ ላይ ያለው ምንድን ነው?

መካኒኩ፦ ማኪያቶ። ውሃና ዘይት ተደባልቀዋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄዷል።

ጋሼ፦ ዘይት ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል! ይህን ከምገዛ ልጅ ባሳድግ ይሻለኛል፤ እሱ እንኳ ሲያድግ ይጦረኛል።

ሻጩ፦ ሌላ አለ! ይሄኛው ንጹሕ ነው፣ አይጨስም።

መካኒኩ፦ ካንዴላዎቹን ፍታልኝ፤ ኮምፕሬሽን ልለካ።

ሻጩ፦ ሐኪም ሆንክ? ለሞተር ደም ግፊት?

መካኒኩ፦ የሱን ዛሬ ካልለካሁ፣ ነገ የጋሼን ነው የምለካው። በል ቁጠር፦ 9፣ 9፣ 9፣ 5 ባር።

ሻጩ፦ አዲስ አበባ እኮ ነው ያለነው! ከ2,300 ሜትር በላይ፤ አየሩ ስስ ነው፣ ጌጁም ዝቅ ይላል።

መካኒኩ፦ ይላል፤ ግን ለአራቱም እኩል ነው። ወይስ አራተኛው ሲሊንደር ለብቻው እንጦጦ ወጥቷል?

ሻጩ፦ ከአራት ሦስት እኮ 75 በመቶ ነው፤ የትም ያሳልፋል!

መካኒኩ፦ ያንን ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል እንጂ ቦኔት ውስጥ አይገባም።

ጋሼ፦ ለመሆኑ ዋስትና አለው?

ሻጩ፦ ሙሉ ዋስትና! ከመደርደሪያው እስከ በሩ።

ጋሼ፦ የጉምሩክ ወረቀቱስ?

ሻጩ፦ ምነው ጋሼ፣ እምነት የለዎትም?

ጋሼ፦ እምነትማ አለኝ፤ ሊብሬዬ ላይ የሚጻፈው ግን የሞተር ቁጥር ነው።

ሻጩ፦ እንግዲያው ኤሌክትሪክ ይግዙ! የነዳጅ አውቶሞቢል ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለችዎትን ካላስታመሙ ሌላ ከየት ያመጣሉ?

መካኒኩ፦ የሚያስታምሙትማ በሽተኛ ነው፤ አንተ የምትሸጥላቸው አስከሬን ነው።

ወደ ቁም ነገሩ። ያገለገለ ሞተር መግዛት ነውር አይደለም፤ ደህናው ሞተር ለዓመታት ያገለግላል። ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ግን የአራቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን አስለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 ባር ካለፈ ተሰናበቱ። ቀዝቃዛ ሳለ አስነስታችሁ ጭሱን እዩ፣ የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፣ የሞተሩን ኮድና ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። ከመታሰሩ በፊት ታይሚንግ ቤልቱን፣ የውሃ ፓምፑን፣ ፓራዮሊዮውንና ጓርኒሲዮኖቹን ቀይሩ፤ ከታሰረ በኋላ ለዚያው ሥራ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ። በሻጩ ቀልድ ሳቁ፤ «ክፈሉ» የሚላችሁ ግን ጌጁ ይሁን።