የቮልስ ዳሽቦርድ በቤት ውስጥ ሲሠራ፦ መጠነኛ ጥናት

የአገራችን ሊቃውንት ስለ ሐውልት፣ ስለ ብራናና ስለ ዜማ ብዙ ጽፈዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቮልሱን ግቢ ውስጥ አቁሞ፣ ኮምፔርሳቶ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሰጌቶ ስለሚገዘግዘው ሰው ግን አንድ መስመር እንኳ አላገኘንም። ሁኔታው አሳሳቢ ነው። ሰውየው ሥራውን እየቀጠለ ነው፤ የሚቀጥለው ግን ያለ ምንም ንድፈ ሐሳብ ነው። ይህ ጥናት ክፍተቱን መሙላት ባይችል እንኳ ዙሪያውን በሲልኮን ለመድፈን ይሞክራል።

በቅድሚያ የጥናቱን ወሰን እንለይ። ቮልስ ስንል እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተችውን፣ ጀርባዋ የጎበጠውን መኪና ማለታችን ነው። የመጨረሻዋ የወጣችው ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ከተማ ካለው ፋብሪካ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ይህን መርዶ እስካሁን አልተቀበለችም።

ፋብሪካው ለቮልስ የሰጣት ዳሽቦርድ ትሑት ነው። አንድ ክብ የፍጥነት መለኪያ፣ ለዘይት አንድ መብራት፣ ለዲናሞ ሌላ መብራት፤ በቃ። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ጌጅ እንኳ አልነበራትም። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ሾፌሩ በእግሩ አንዲት ማዞሪያ ይገፋል፤ 5 ሊትር ገደማ መጠባበቂያ ይለቀቅለታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዳይ በሾፌሩና በፈጣሪው መካከል ነው። የፍጥነት መለኪያው ገመድ የሚነሣው ከግራው የፊት ጎማ እምብርት ነው። ስለዚህ ገመዱን በጎማው ክዳን ላይ የምትይዘው ትንሽ ቆንጣጭ የወለቀች እንደሆነ መኪናዋ ቃሊቲን በዜሮ ፍጥነት ታልፋለች። በአንዳንዶቹ ሞዴሎች ደግሞ የፊት መስታወት ማጠቢያውን ውኃ የሚገፋው የትርፍ ጎማው አየር ነው። (ይህ ለጥናቱ አያስፈልግም፤ ካወቅነው በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተን።)

እንዲህ ያለ ዝምተኛ ዳሽቦርድ ፊት ለፊት ብዙ ዓመት የተቀመጠ ሰው አንድ ቀን መነጋገር ያምረዋል፤ የራሱን ዳሽቦርድ መሥራትም ይጀምራል። አምሮቱም የእኛ አገር ሰው ብቻ አይደለም። እንግሊዝ አገር ሎተስ ሰቨን የምትባለው መኪና እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ተበታትና ትሸጥ ነበር፤ ተገጣጥሞ የተሸጠ መኪና ላይ የሚጣለው የግዢ ታክስ የተበታተነውን አይነካውምና። እ.ኤ.አ. በ1973 ታክሱ በተጨማሪ እሴት ታክስ ተተካ፤ ምክንያቱ ጠፋ፤ በሽታው ግን አልለቀቀም። እስከ ዛሬ ድረስ እንግሊዛዊው ጋራዡን ከውስጥ ቆልፎ ዳሽቦርዱን ከአሉሚኒየም ይቀጠቅጣል። ሲጨርስ መንግሥት ይመጣል። መርማሪው ዲያሜትሩ 165 ሚሊሜትር የሆነ ድቡልቡል ነገር ይዞ ዳሽቦርዱን ይዳስሳል፤ ድቡልቡሉ የተሳፋሪ ጭንቅላት ወኪል ነው። እሱ የሚደርስበት ጠርዝ ሁሉ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር ሬዲየስ ያለው ልሙጥ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ ይህንን ምርመራ የሚያካሂዱት ከፊት ወንበር የሚቀመጡት አክስት ሲሆኑ መሣሪያቸው ጉልበታቸው ነው። ውጤቱ ወዲያው በጩኸት ይገለጻል፤ እስከ ማታም ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ይዳረሳል።

ወደ ጥሬ ዕቃው እንለፍ። ጌጅ የሚገኘው መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው፤ የሚመረጠውም በሚለካው ነገር ሳይሆን በመልኩ ነው። “ጋሼ፣ ይሄ የጀርመን ነው፣ ኦሪጅናል” ይላል ሻጩ፤ ጋሼም በጀርመን ስም ከላዳ የተነቀለ የውኃ ሙቀት መለኪያ ገዝተው ይመለሳሉ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ራዲያተር የለውም፤ ውኃ የለውም፤ የውኃ ሙቀትም የለውም። ጌጁ ግን ይገጠማል። መርፌው ቀዝቃዛው ጫፍ ላይ ተኝቶ ይኖራል፤ ባለቤቱም እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቱ መታ መታ እያደረገ “ይህች መኪና ሙቀት የሚባል አታውቅም” ይላል። ከሳይንስ አንጻር አባባሉ ላይ ምንም ስሕተት አላገኘንም።

ቀዳዳ አበሳሱ ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ነው። ተጨማሪ ጌጆች በአብዛኛው የሚሠሩት 52 ሚሊሜትር ለሆነ ቀዳዳ ነው። የቤቱ ባለሙያ ግን የሚያምነው በሻይ ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆው ኮምፔርሳቶው ላይ ይደፋል፤ ዙሪያው በእርሳስ ይከበባል፤ ይቆረጣል። ከዚያ ጌጁ ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ ገብቶ ወዲያ ማዶ ይወድቃል። በመጀመሪያው ሁኔታ ሞረድ፣ በሁለተኛው ሲልኮን ሥራ ላይ ይውላል። ሦስተኛ ሁኔታ እስካሁን አልተመዘገበም። እንጨቱ በመጨረሻ በማስቲሽ ተቀብቶ ሌዘር ይለብሳል፤ ሌዘሩ የተረፈው ከሶፋው ስለሆነ ሳሎኑና መኪናዋ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ለተመራማሪ ከባድ ነው። ፋብሪካው ገመዶቹን በቀለም ለይቷቸው ነበር። የእኛ ባለሙያ ግን ሱቁ ውስጥ ያገኘው ቀይ ብቻ ስለሆነ ሁሉንም በቀይ ዘርግቷቸዋል። የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ “ጭንቅላቴ ውስጥ አለ” ይላል፤ ይህ በሌሎች የጥናት ዘርፎች ሥነ ቃል ይባላል። መጋጠሚያው ሁሉ በናስትሮ ይጠቀለላል። የተቃጠለ ፊውዝ ደግሞ ከሲጋራ ፓኮ በወጣ ብርማ ወረቀት ይተካል። ይህ ዓይነቱ ፊውዝ አይቃጠልም፤ የሚቃጠለው ሌላው ነገር ነው። እዚህ ላይ የቮልስን መልክዐ ምድር ማስታወስ ይጠቅማል፦ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የቤንዚን ታንከሯ ግን ከፊት፣ ከዳሽቦርዱ ወዲያ ማዶ፣ በጣም ቅርብ ነው። ጉዳዩን ያነሣንላቸው ባለሙያዎች በሙሉ “እስካሁን ምንም አልሆነም” ሲሉ መልሰዋል። የሆነባቸው ለቃለ መጠይቅ አልተገኙም።

ከተሰበሰበው መረጃ ያወጣነው ሕግ አንድ ነው፦ መኪና የሚጓዘው ርቀት ባለው ጌጅ ብዛት ልክ ይቀንሳል። ከመገናኛ ሜክሲኮ ሲመላለስ የሚውለውን ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ተመልከቱ። መርፌዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል። ሾፌሩ ፍጥነቱን በተሳፋሪው ጩኸት፣ የሞተሩን ጤና በጆሮው፣ ቤንዚኑን ኪሱ ውስጥ በቀረው ብር ያውቃል፤ ከኋላ ያለውንም ረዳቱ በሩን እየደበደበ ይነግረዋል። በአንጻሩ ከበር እስከ በር መርፌ የተሰለፈባት ቮልስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ትመለሳለች። እንግሊዛዊውም ሎተሱን ጸሐይ ካልወጣ አያወጣትም። ምክንያቱ ብዙም የረቀቀ አይመስለንም፦ የሚሄድ ሰው መንገድ ያያል፤ ጌጅ የሚያይ የቆመ ሰው ነው። በእርግጥ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ማታ ማታ መብራቶቹን ሲያዩ ተገኝተዋል። ባትሪው በዚሁ ያልቃል። የባትሪ ጌጁ ይህን በታማኝነት ያሳያል፤ ከጌጆቹ ሁሉ ሥራውን ሲሠራ ያየነው እሱን ብቻ ነው።

ዳሽቦርዱ ተጠናቆ ከተመረቀ በኋላ ያለው ምዕራፍ የባለሙያው አይደለም፤ የእመቤቲቱ ነው። “ይህን ሁሉ ደክሞበት አቧራ ይጠጣ?” ብለው ከዳር እስከ ዳር ዳንቴል ያለብሱታል። በላዩ የማርያም ሥዕል፣ ከጎኑ የፕላስቲክ አበባ ይደረጋል። አበባው እንኳ የቆየ ወግ አለው፤ በትውልድ አገሯ በጀርመን የጥንት ቮልሶች ዳሽቦርድ ላይ ትንሽ የአበባ ማስቀመጫ መለጠፍ የተለመደ ነበር። ጌጆቹ ከዳንቴሉ ሥር ሆነው መለካታቸውን ይቀጥላሉ ተብሎ ይገመታል።

የቀረው የገበያው ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የድሮ መኪና ባለቤት በአንድ ጀምበር ቅርስ ጠባቂ ሆኗል፤ ደላላውም የቅርስ ባለሙያ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ “የጌጁን ብዛት እያት! የእጅ ሥራ ነው፣ ሁለተኛ የላትም” ይልና ዋጋ ይጨምራል። ገዢው ፊቱን ያጨማደደ እንደሆነ “ካልፈለግከው ንቀለው፤ ኦሪጅናሉ ከሥሩ እንዳለ ነው” ይልና አሁንም ይጨምራል። ይህኛው ሐሰት አይደለም። የጥንቷ ቮልስ ዳሽቦርድ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ብረት ስለሆነ ወልቆ የሚጣልበት መንገድ የለም፤ የቤቱ ሥራ ከላዩ የተደረበ ነው። ገዢው መኪናዋን ቤቱ ወስዶ፣ ሌዘሩን ልጦ፣ ኮምፔርሳቶውን ሲያነሣ ኦሪጅናሉን እውነትም እዚያው ያገኘዋል፤ በሻይ ብርጭቆ አፍ ልክ ተበሳስቶ።