ለጽጌረዳዋ የተሰጠው ለፈረሱም ይሰጥ

ለኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሆለታ ወንዝ ዳር ለተገኘው የቱሪዝም ውጤት ምስጋና ስለማቅረብና ትንሽ ጥያቄ ስለማስከተል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው ይህ ደብዳቤ የምስጋና ነው። አቤቱታ መስሏችሁ ወደ ሌላ ክፍል እንዳትመሩት። መንግሥት በየገጠሩ ወንዝ ዳር ቱሪዝም እንዲስፋፋ ማበረታቻ ይሰጣል ሲባል ሰምተን እኛ ሆለታዎች መንገድ መንገድ እያየን ነበር። ለካስ ቱሪስቷ ቀድማ ገብታለች። ስሟ ጽጌረዳ ይባላል።

እንግዳ ከሆነ አይቀር እንደ እሷ ነው። ባለ ፕላስቲክ ጣሪያ ቤት ውስጥ ታርፋለች። የወንዛችን ውሃ በቀጭን ቧንቧ ጠብ እያለላት ትጠጣለች፤ የሀገሬው ልጅ ጓንት አጥልቆ ያጎነብስላታል። ልታብብ ጥቂት ሲቀራት በማቀዝቀዣ መኪና ቦሌ ትወርድና በካርጎ ወደ ሆላንድ ትበራለች። የሚረጭላት መድኃኒት ከሥሯ ወርዶ የት እንደሚገባ አንጠይቅም፤ እንግዳን እንዲህ ያለ ነገር መጠየቅ ነውር ነው። አስተናጋጆቿ ለዓመታት ከገቢ ግብር ነፃ ሆነው፣ ብረቱንና ፕላስቲኩን ያለ ቀረጥ አስገብተው ነው የተቀበሏት። ይህን ያህል የተበረታታ ቱሪስት በሀገሪቱ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

አሁን ወደ ትንሿ ጥያቄ ልለፍ።

ደንብ ቁጥር 270/2005ን አንብቤዋለሁ። በ2014 በደንብ ቁጥር 517 እንደተተካ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ኑሯችንን የቀረጸው አሮጌው ስለሆነ ስለ እሱ ብናገር አትቀየሙኝ። የግብር እፎይታው ሰንጠረዥ ሁለት ዓምድ ነበረው። በአንዱ አዲስ አበባና በፊንፊኔ ዙሪያ ያለው የኦሮሚያ ልዩ ዞን፣ በሌላው የተቀሩት አካባቢዎች ተጽፈዋል። ሆለታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከቦሌና ከካዛንቺስ ጋር ባንድ ዓምድ ገባን። ራቅ ያለው እፎይታው ሲረዝምለት እኛ ለከተማ ቅርብ ናችሁ ተብለን አጠረብን። ደስ አለን፤ ቅርብ ነን ማለት ነው። በ2011 ግን በአዲስ አበባ ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ተጀመረና የ56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር በ29 ቢሊዮን ብር ሊለማ ታቀደ፤ ሜትሩ ከእንጦጦ ተነስቶ ወደ አቃቂ ወረደ። ወደ ሆለታ ግን ዞር አላለም። ለግብሩ ቅርብ፣ ለፓርኩ ሩቅ መሆናችንን ያን ጊዜ ተረዳን። በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ፤ እኛ አሁንም ከአጥሩ ውጭ ነን።

በዚያው ደንብ ውስጥ የበለጠ የወደድኩት አንቀጽ ነበር። ራቅ ባሉ ክልሎች ለሚሠማራ ባለሀብት፣ የግብር እፎይታው ካለቀ በኋላ ለ3 ዓመት የ30 በመቶ ተጨማሪ ቅናሽ ይሰጥ ነበር። አፋርም ተካቶ ነበር፤ ነገር ግን ከአዋሽ ግራና ቀኝ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ያለውን መሬት አይጨምርም ነበር። ወንዝ ዳር ያለውን ውሃው ራሱ ያበረታታዋል ተብሎ ታስቦ ይመስለኛል፤ ለጥጥና ለሸንኮራ ትክክል ነው። የሆለታ ወንዝም የአዋሽ ገባር ነውና ወንዙ ያበረታታናል ብለን ብዙ ጠበቅን። ከጥር እስከ ሚያዝያ ግን አበባው፣ የገበሬው መስኖና የግብርና ምርምር ጣቢያው ማሳ ሲሻሙት ወንዙ ራሱ አበረታች ያስፈልገዋል።

አሁን በርዕሱ ስለጠቀስኩት ፈረስ ልንገራችሁ። በዚያው ደንብ ለሆቴልና ለሎጅ የተጻፈው ዋና ችሮታ የካፒታል ዕቃን ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ነበር፤ ለመለዋወጫም ከዕቃው ዋጋ 15 በመቶ ድረስ ይፈቀድ ነበር። ምጣዱ ከውጭ ከመጣ ነፃ ነበር። የሆለታ ፈረስ ግን የተወለደው እዚሁ በመሆኑ ማበረታቻ የሚያገኝበት በር አልነበረም። ኮርቻውን የሠራው የሰፈራችን ሰው ነው፤ መለዋወጫውም ገብስ ነው። ወደብ ያላየ ፈረስ በደንቡ ፊት እንዳልተፈጠረ ይቆጠር ነበር።

የምቀልድ እንዳይመስላችሁ ወንጪን ተመልከቱ። በነሐሴ 2012 ገበታ ለሀገር የተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ሲታወጅ አንዱ የእራት ወንበር 10 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ጎርጎራ፣ ኮይሻና ወንጪም የሚለሙ ቦታዎች ሆኑ። እኛ ለእራቱ አልተጠራንም፤ ቢሆንም በአምቦ የሄደ በቡራዩና በሆለታ፣ በወሊሶ የሄደ በሰበታ አልፎ ነው የሚደርሰው፤ አቧራው ደርሶናል። ሆኖም ሪዞርቱ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት የወንጪ ገበሬዎች ተደራጅተው ፈረስ በተራ እያከራዩ፣ እንግዳውን ወደ ሐይቁ እያወረዱ ገንዘቡን ሲካፈሉ ኖረዋል። በ2014 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ሲቆጥራት መንደሯን መንደር ያሰኟት እነዚህ ባለፈረሶች ናቸው። ከደንባችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አልደረሳቸውም።

እኛስ ምን አለን ካላችሁ፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት አለን። በ1927 የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱበት፤ ጣሊያን ሲገባ ከእጩ መኮንኖቹ ብዙዎቹ የጥቁር አንበሳን አርበኞች ተቀላቅለው ዱር ገቡ። ታላቅ ታሪክ ነው፤ ብቻ የጦር ሰፈር ስለሆነ ፎቶ አይነሳም። የንብ ምርምር ማዕከል አለን። በወጨጫ ጎን ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት የሚባለው የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ወጣ ብሎም ምኒልክ መዲናቸውን ሊያዞሩባት አስበው የተዉአት አዲስ ዓለም፣ ከነማርያም ቤተ ክርስቲያኗ አለች። ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይቶ ማታ ለእንቅልፍ አዲስ አበባ መመለስ ይቻላል። ሎጅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ንጹሕ ሽንት ቤት፣ መንገዱን የሚያውቅ ልጅና ሰላማዊ መንገድ ነው፤ ከስጋት ነፃ የሚያደርግ የጉምሩክ ፈቃድ ደግሞ እስካሁን አልወጣም።

ስለዚህ በትህትና የምጠይቀው፣ ፈረስና በቅሎ እንደ ካፒታል ዕቃ እንዲመዘገቡ፣ ባለፈረሶቹ ተደራጅተው ሲመጡ እንደ ባለሀብት ወንበር እንዲሳብላቸው፣ ወንዝ ዳር ለሚሠራ ሽንት ቤት ለአንድ ሆቴል የመስታወት አሳንሰር ከሚታለፈው ቀረጥ ሩቡ እንዲመደብ ነው። ከሁሉም በፊት ግን አበባው ሲጠጣ ለወንዙም የሚተርፈው ልክ በቆጣሪ ተወስኖ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ። በበጋ ውሃ የሌለው ወንዝ ላይ ቱሪዝም ላልማ ብሎ የሚያመለክት ሰው ቢመጣ፣ ከማበረታታታችሁ በፊት መጋቢት ላይ መጥታችሁ ወንዙን እንድታዩት እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሆለታ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ለኦሮሚያ ቱሪዝም ኮሚሽን