በእንተ ብሉይ ካቦርት፦ ስለ ልዋጭ፣ ስለ ቦንዳና ስለ ይጁቤ ገበያ የቀረበ ሐተታ

ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ አትርፎ መሸጥ፣ በግብሩ ረቂቅ በሥርዓቱም ጽኑ ሆኖ ሳለ፣ በሊቃውንት ዘንድ እስካሁን ተገቢው ምርመራ ያልተደረገለት ጥበብ ነው። ለምርመራውም ከይጁቤ የተሻለ ሥፍራ አይገኝም። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ የምትገኘው ይህች የባሶ ሊበን ወረዳ መቀመጫ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስመ ጥር የነበረው የባሶ ገበያ ወራሽ ናትና፤ ዓባይን ተሻግረው ከጉዱሩ የሚመጡ ነጋዴዎች ቡናውን፣ ዝባዱንና የዝሆን ጥርሱን ይዘው ይወጡበት፣ አሞሌም እንደ ገንዘብ ይቆጠርበት የነበረ አገር ነው። ዛሬ የዝባዱን ቦታ የያዘው ካቦርት ነው። የታሪክ ጸሐፍት ይህን ውድቀት ሊሉት ይችሉ ይሆናል፤ ለደጋ ብርድ ግን ዝባድ ምን ይፈይዳል?

ብሉይ ንብረት በመገኛው ሲመረመር በሦስት ይከፈላል። ቀዳማዊው «ብሉየ ጎረቤት» ነው፤ ይኸውም ሳፋ፣ ጆግና ማጥለያ ተሸክሞ «ልዋጭ! ልዋጭ!» እያለ በየደጁ የሚዞረው ነጋዴ በፕላስቲክ ለውጦ የሚሰበስበው ነው። ዳግማዊው «ብሉየ ባሕር»፣ ማለትም ባሕር ተሻግሮ በቦንዳ ታስሮ የሚመጣው ሰልባጅ ነው። ሣልሳዊው፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ቢጫ ጀሪካንና ብረታ ብረት፣ የቆራሌው ርስት ስለሆነና የመርካቶው ምናለሽ ተራ ለብቻው መጽሐፍ ስለሚያሻው፣ በዚህ ሐተታ አይነካም።

ወደ ምሥጢሩ እንግባ። አንድ ካቦርት በልዋጭ እጅ ሳለ ሁለት ምስክርነቶች ይሰጡበታል፤ ሁለቱም ከአንድ አንደበት ይወጣሉ። የመግዣው ምስክርነት እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ ይኼ እኮ አልቋል፤ ለወለል መወልወያ እንኳ አይሆን። ማጥለያዋን የጨመርኩት ለእርስዎ ስል ነው።» የመሸጫው ደግሞ፦ «አባባ፣ ይችን እንደ እርስዎ ላለ ሰው ብዬ ያስቀመጥኋት ናት። እስኪ እጅዎን ያግቡባት፤ ለልጅ ልጅዎ ትተርፋለች!» በሁለቱ ምስክርነቶች መካከል በካቦርቱ አካል ላይ የተፈጸመው ግብር ሲዘረዘር፣ በኦሞ መዘፍዘፍ፣ በከሰል ካውያ መተኮስና አንድ አዝራር ከውስጥ ኪስ ተነቅሎ ወደ ደረት መዛወር ነው። የኦሞውና የከሰሉ ወጪ ሲቀነስ የሚተርፈው ገንዘብ ሁሉ፣ እንደ እኛ ብያኔ፣ የአንደበት ዋጋ ነው።

የቀዳዳ ነገር ግን ሰፊ ትርጓሜ ይሻል። በብብት ሥር የተገኘ፣ ጣት የሚያሳልፍ አንድ ቀዳዳ በሸራው ላይ እንዲህ ተተርጉሟል፦ አንድም የብል ነው፤ ብል ሱፍ እንጂ ናይሎን ስለማይበላ ቀዳዳው የሱፍነቱ ማኅተም ነው። አንድም የሲጋራ ነው፤ የለበሰው ፈረንጅ እንደነበረ ያመለክታል። አንድም ሙቀት እንዲወጣበት ከፋብሪካው የተበጀ ነው። ሲጋራ በብብት ሥር እንዴት እንደሚጨስ ጠይቀን ያገኘነው መልስ ዝምታ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ትርጓሜ ለጊዜው አቆይተነዋል። ሦስተኛውን የሰጠው ሻጭ ግን በጀርባው በኩል ሌላ ቀዳዳ በተገለጠ ጊዜ እንኳ ከአቋሙ አልተናወጠም፤ «የገባው አየር በየት ይውጣ?» ብሏል።

ብሉየ ጎረቤት የራሱ ፈተና አለበት፤ እርሱም መታወቅ ነው። በገበያው መሐል አንድ ሕፃን «የአባዬ ኮት!» ብሎ የጮኸ እንደሆነ ዋጋው በዚያች ቅጽበት ይሞታል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ የይጁቤውን ለደብረ ማርቆስ፣ የደብረ ማርቆሱን ለይጁቤ ያደርጋል። ከዚህም የሚከተለው ሕግ ይወጣል፦ ያገለገለ ልብስ ክብሩ ከቀድሞ ባለቤቱ በራቀ መጠን ይጨምራል። የብሉየ ባሕር ልዕልናም ከዚሁ የመነጨ ነው፤ የቀድሞ ባለቤቱን የሚያውቅ ሕፃን በጎጃም የለምና። አገራችን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባትን የከለከለች ስለሆነ ቦንዳው በኮንትሮባንድ መንገድ ማደሩ ይታወቃል፤ ስለ መንገዱ ሻጮቹን ብንጠይቅ ሁሉም የልብሱን ስፌት አመስግነዋል። ጉዳዩ የመንደር ብቻ ነው የሚል ቢኖር ሩዋንዳን ይመልከት፦ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሮጌ ልብስ ላይ ቀረጡን ብታንር፣ አሜሪካ በ2018 ለሩዋንዳ ልብስ ሰጥታው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደችባት። የተጣለ ሱሪ መንግሥታትን እንደሚያቀያይም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

የሚቀረው ክርክር የኪስ ግኝት ነው። በቦንዳ ካቦርት ኪስ ውስጥ የውጭ አገር ሳንቲም ቢገኝ የማን ነው? ገዥው «ኪሱን ገዝቻለሁ» ይላል፤ ሻጩ «ኪሱን እንጂ ሆዱን አልሸጥኩም» ይላል። በአካባቢው ሳንቲሙን የሚመነዝር ስላልተገኘ ሽማግሌዎቹ ነገሩን በይደር ሲያቆዩት፣ ሻጩ ሳንቲሙን ወደ ኪሱ መልሶ፣ ካቦርቱን «ከነውጭ ምንዛሪው» ብሎ 50 ብር ጨመረበት።