ክፍሉ ሁሉ 9.81 አገኘ

የአንደኛ ዓመት ተማሪ የፊዚክስ ላብ ሪፖርት የሚጽፈው ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ መልሱ ይቀመጣል፤ 9.81። ቀጥሎ ወደ መልሱ የሚያደርስ ስሌት ይፈለጋል፤ ከዚያ ለስሌቱ የሚመች ሰንጠረዥ ይሞላል። ሙከራው ጊዜ ከተረፈ ይሠራል።

ሙከራው ደግሞ የሚያስፈራ አልነበረም። ክር፣ ትንሽ የብረት ኳስ፣ ማስመሪያና የስልክ ሰዓት ይበቃሉ። ኳሷን ትንሽ ወደ ጎን ስቦ መልቀቅ፣ 20 ጊዜ ደርሳ ስትመለስ ሰዓት መያዝ፣ የክሩን ርዝመት እየቀያየሩ መድገም፣ በመጨረሻም የመሬትን ስበት፣ ያንን 9.81፣ ማስላት ነው። የአንድ ሜትር ፔንዱለም አንድ ጊዜ ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት 20ው በ40 ሰከንድ ያልቃል። አምስት ልጆች ባሉበት ግሩፕ አንዱ ኳሷን ይለቃል፣ አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዷ ትጽፋለች፣ ሁለቱ ቲክቶክ ላይ ናቸው። ሪፖርቱ ላይ ግን አምስቱም እኩል ደክመዋል።

የማስረከቢያው ዋዜማ ሌሊት ላይ ከሲኒየር የወረደው ሶፍት ኮፒ በቴሌግራም ይደርሳል። ሽፋኑ የሠርግ ጥሪ ያስንቃል። ቲዎሪው ከማኑዋሉ ቃል በቃል ተገልብጦ ሦስት ገጽ ይይዛል፤ ጋሊሊዮም ሳይነሳ አይቀርም። ልጆቹ በእጃቸው የሠሩት ነገር ላይ ሲደረስ ግን ሪፖርቱ ድንገት ቁጥብ ይሆናል፦ «በማኑዋሉ መሠረት ሠርተናል»። ቀኑን መቀየር የረሳውማ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ የሠራውን ሙከራ ያስረክባል።

ከውጤቱ ጋር አሃዝ ይጎርፋል፤ 9.810273645። የማስመሪያው ትንሿ መስመር አንድ ሚሊ ሜትር ናት። ሰዓቱን የሚጫነውም ጣት እስኪነቃ ከሰከንድ አንድ አምስተኛው ያልፋል። ነገር ግን ካልኩሌተሩ ከነጥብ በኋላ ዘጠኝ አሃዝ ከሰጠ፣ እነሱ ምን ቤት ናቸውና ይቆርጡታል?

የሚያስቀው ግን 9.81 የአዲስ አበባ ቁጥር አለመሆኑ ነው። ስበት በምድር ወገብ 9.78፣ በዋልታዎቹ 9.83 ገደማ ሲሆን ከፍታ በጨመረ ቁጥርም ይቀንሳል። በመጽሐፍ የምናገኘው፣ 9.81 ተብሎ የሚጠጋጋው 9.80665 እ.ኤ.አ. በ1901 በዓለም አቀፉ የክብደትና የመለኪያ ጉባኤ የጸደቀ ስምምነት ነው፤ የተወሰደውም ከ45 ዲግሪ ኬክሮስ፣ ከባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ሰሜን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች ስበቷ ወደ 9.77 ዝቅ ይላል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ክፍሉ ሁሉ ሳይዛነፍ 9.81 ሲያገኝ፣ የተለካው የመጽሐፉ ገጽ ነው።

ያልገጠመ ቁጥር ከተገኘም «የስህተት ምንጭ» የሚል ርዕስ አለ። መልሱ በሁሉም ሪፖርት አንድ ነው፤ «የሰው ስህተትና የአየር ግጭት»። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። የትኛው ሰው? ምን ሲያደርግ? ኳሷን ሲለቅ «አንድ» ብሎ የጀመረ ቆጣሪ «ሃያ» ሲል የተቆጠረው 19 ብቻ ነው፤ ለ20 ሲያካፍለው ስበቱ 10.8 ይሆናል። ክሩን እስከ ቋጠሮው ብቻ ለክቶ እስከ ኳሷ መካከል ያለውን አንድ ሴንቲ ሜትር የረሳ ደግሞ በአንድ ሜትር ክር ላይ ወደ 9.67 ይወርዳል። የተዛባው ቁጥር ጥፋተኛውን በስሙ እየጠራው አየር ይከሰሳል።

ለነገሩ ልጆቹ ብቻቸውን አይደሉም። የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ሚሊካን በዘይት ጠብታ ለክቶ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የኤሌክትሮን ቻርጅ ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፤ አየሩ ጠብታዋን ምን ያህል እንደሚይዛት ያሰላበት ቁጥር ትክክል አልነበረምና። ሌላው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን እ.ኤ.አ. በ1974 ለካልቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሲናገር እንዳወሳው፣ ተከታዮቹ ወደ ትክክለኛው ቁጥር በአንዴ አልዘለሉም፤ እየፈሩ በጥቂት በጥቂቱ ተጠጉ። ከሚሊካን የራቀ ውጤት ሲያገኙ ስህተት ያስሱለታል፤ የቀረበ ሲሆን ግን ማንም አይጠይቀውም። እነዚያ ዶክተሮች ነበሩ፤ የእኛዎቹ ማርክ የሚያሳድዳቸው ልጆች ናቸው።

ማርኩን የሚይዘውም አስተማሪ ነው። 9.4 ለክቶ ያመጣውን ከ10 4 ሰጥቶ፣ 9.81 የገለበጠውን 10 የሚሸልም አስተማሪ የሚያስተምረው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተማሪውም አንዴ ከተማረው አይረሳውም። ነገ መሐንዲስ ሆኖ የሲሚንቶውን ጥንካሬ ሲፈትን ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ መሙላት ይችልበታል።

እናም ተማሪዎች ሆይ፣ ላብ ውስጥ የጻፋችሁትን ገጽ ከነስርዝ ድልዙ ከሪፖርቱ ጋር አያይዙት። 9.4 ካገኛችሁ 9.4 ጻፉ፤ በምን ያህል ሊበልጥ ወይም ሊያንስ እንደሚችልም ጨምሩበት፤ ለምን እንደራቀ በራሳችሁ አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ አስረዱ። መምህራንም ማርኩን ለማስረጃው ስጡ። የ9.81ን ዋጋ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እኛም እናውቀዋለን፤ እሱን ለማወቅ ላብ መግባት አያስፈልግም።