የጀልባ ፖሊሽ አመዳደብ፦ መነሻ ጥናት

ጀልባን ፖሊሽ መቀባት የማንም ሥራ ነው። አሮጌውን ማስለቀቅ ግን ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ ሲሆን፣ እስካሁን ዲግሪ የሚሰጥበት አልተገኘም።

ጥናቱ የሚመለከተው ጣና ዳር ግንድ ላይ የወጣችን የፋይበር ግላስ ጀልባ ነው። የደንገል ታንኳ አይካተትም፤ ታንኳ ሲያረጅ ይጣላል እንጂ አይወለወልም።

ሽፋኑ በሁለት ነገድ ይከፈላል፤ ሰምና አክሪሊክ። ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ጨዋ ነው፤ ቲነር የነካ ጨርቅ ሲያይ ይለቃል። ስለ እርሱ ይኸው በቂ ነው።

አክሪሊኩ ፀሐይ ሲመታው እንደ አሮጌ ጥርስ ቢጫ ይሆናል። አሞኒያ ያለበት ማስለቀቂያ ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ መፈግፈግ አለበት። «በረኪና ጨምሩበት» የሚል አማካሪ ከዳር አይጠፋም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ስለሚያቃጥል፣ አማካሪው በአክብሮት ወደ ቤቱ ይሸኛል።

አክሪሊክ በተራው ስስ፣ ድርብርብና እንባ ተብሎ ይመደባል። እንባ ማለት ቀቢው ስፖንጁን አብዝቶ ስለነከረ ቁልቁል ወርዶ የደረቀው ፖሊሽ ነው። ቀጥ ያለ እንባ የችኮላ ምልክት ነው። የታጠፈው ጀልባዋ ያን ቀን ዘንበል ብላ እንደነበር ይመሰክራል። ጠርዙ ላይ የተንጠለጠለውን ቀቢው አይቶታል፤ አይቶም ትቶታል። አራተኛው ትንኝ ያቀፈ እንባ ነው።

ትንኝ ያቀፈ እንባ ሰፊ ምርምር ይሻል። ትንኟ ክንፏን እንደዘረጋች፣ ስድስት እግሮቿ እየተቆጠሩ፣ በቢጫው ውስጥ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ከቅቡ በፊት ተቀምጣ ነበር ወይስ በኋላ መጥታ ተጣበቀች የሚለው ክርክር አልተፈታም። ፊቷ ወደ ላይ የሆነችው ለማምለጥ ሞክራለች፤ ወደ ታች የሆነችው ተስፋ ቆርጣለች። አሞኒያው የእንባውን ቆዳ እንጂ ሆዱን አያገኘውም። የብረት መፋቂያ የፋይበር ግላሱን የውጭ ገጽ፣ ማለትም ጄልኮቱን፣ ይቧጭራል፤ ብርጭቆ ወረቀትም ከትንኟ ጋር ጄልኮቱን ይበላል። የቀረው መሣሪያ የአውራ ጣት ጥፍር ነው። ይህን ጀልባ የቀባው ሰው ጥፍር ይኖረው ይሆን?

መልቀቁ የሚረጋገጠው በውኃ ነው። ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ከተንከባለለ ፖሊሹ አለ፤ ተዘርግቶ ከወረደ ለቋል።

የግራውን ጎን በተመለከተ ምደባው ተቋርጧል። መንገደኛ የሚሳፈረው በቀኝ ነው፤ ባለ ጀልባውም «ማን ያየዋል?» ብለዋል፤ ጥናቱ በሙሉ ልብ ይስማማል።