እኛንም ቤታችን አቆዩን

ከጌዴኦ ደጋ፣ ከቡሌ የሚነሳ መኪና ሲሞላ እንጂ ሲረፍድ አይሄድም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል፤ አንዱ ሰው ሦስት ሆኖ ይገባል። ዲላ ሲደረስ ሌላ መኪና፣ ሌላ ወረፋ። ከዚያ ሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በየከተማው ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ፍተሻው አለ። ይህ ሁሉ መከራ ከሐዋሳ አዲስ አበባ ለመድረስ አንድ ሰዓት ለማይሞላ በረራ ነው። በደጋው ብርድ ሌሊት ያልተነሳ አይደርስበትም።

ተሯሩጠን ስንደርስ «በረራው ዘግይቷል» እንባላለን። እንዲህ ያለው ነገር የትም አገር አለ፤ የሚያበሽቀው አቆጣጠሩ ነው። በዓለም በተለመደው አሠራር አውሮፕላን መዘግየቱ 15 ደቂቃ ካልሞላ «በሰዓቱ» ተብሎ ይመዘገባል። አየር መንገዶችም ብልጥ ናቸው፤ መዘግየቱን አስቀድመው ፕሮግራሙ ውስጥ ይከቱታል። የ40 ደቂቃውን መንገድ አንድ ሰዓት ብሎ የጻፈ መቼ ይዘገያል? እኛም ቀጠሮ ስንይዝ እንዲህ ብንጨምርበት ኖሮ «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚል ስም ባልወጣልን!

የሰማዩን ወረፋ ማስተካከል ቀላል ነው አልልም። አሜሪካ በ1981 እ.ኤ.አ. ሥራ ያቆሙ ከ11 ሺህ በላይ የበረራ ተቆጣጣሪዎችን ስታባርር፣ የቀሩት ጥቂቶች ሰማዩ እንዳይጨናነቅባቸው አውሮፕላኑን ከመነሻው ሳይነሳ ማቆየት በሰፊው ተያዘ። ብልሃቱ ትክክል ነው፤ መድረሻው ላይ ተራ እየጠበቀ በአየር ላይ የሚዞር አውሮፕላን ነዳጅ ይፈጃል፣ መሬት ላይ የቆመው ግን ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል። ነዳጁ ተረፈ። የእኛ ጊዜስ? መዝገቡ «በሰዓቱ» ለማለት የሚያየው አውሮፕላኑ ከቆመበት የተነቃነቀባትንና መጥቶ የቆመባትን ደቂቃ ብቻ ነው፤ በመሃል ወንበር ላይ የደነዘዘውን ሰው አይቆጥርም።

የአዲስ አበባው ቦሌ ኤርፖርት ሁለት መንደርደሪያ አለው፤ ቢሾፍቱ አጠገብ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት አራት እንደሚኖሩት፣ ሲያልቅም በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ተነግሮናል። እሰየው! ግን መንደርደሪያ ቢበዛ የጌዴኦን መንገደኛ ከሌሊት ጉዞ አያድነውም።

እንግዲህ የበረራ ሰዎች፣ አንድ ነገር አስቡልን። አውሮፕላኑን መነሻው ላይ ማቆየት ካዋጣ፣ እኛንም ቤታችን አቆዩን። በረራው እንደሚዘገይ ስታውቁ፣ ገና ቆጯችንን ሳንጨርስ በአጭር መልእክት ንገሩን። ስልክ እንደሆነ ቡሌም አለ።