ጫማህ ባለበት

የጸሐፊው ጫማ የጠፋው በጾም ቀን ነው፤ ነገሩን ያባሰውም ይኸው ነው። ፍስክ ቢሆን ቅዳሴው በማለዳ ያልቃል፣ መሬቱም ገና ስላልጋለ በባዶ እግርም ቢሆን ቤት ይደረሳል። በጾም ግን ሕዝቡ የሚወጣው ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት የቆቦ መሬት ባዶ እግር ላይ ምን እንደሚሠራ ለደጋ ሰው ማስረዳት አይቻልም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር እንኳ አትሞላም። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ተገትሯል፤ ከተራራው ወዲያ አፋር ነው።

ሌባ አልወሰደውም፤ ይህን ለፍትሕ ሲባል መናገር ያስፈልጋል። ሌባ ምትክ አይተውም። እዚህ ግን በጫማው ቦታ ሌላ ጥንድ ተቀምጦ ተገኘ፦ ቀለሙ ያው ጥቁር፣ ዓይነቱ ያው ኮንጎ፣ ተረከዙ በአንድ በኩል ያለቀ፣ ቁጥሩም በሁለት የሚያንስ። የደብሩን ስም አናነሣም። ደግሞስ ቢነሣ ምን ይጠቅማል? የራያ ቆላ ሰው ሁሉ ይህ የሆነው እኔ ደብር ነው ብሎ ይምላል።

ጸሐፊው ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም። ካህኑ በቅዳሴው መካከል ልባችሁን ከፍ አድርጉ ሲል የስንቱ ልብ ከፍ እንደሚልና የስንቱ ደጅ ላይ እንደሚቀር መቁጠር ጀመረ። አንዱ ጫማውን በፌስታል ቋጥሮ ብብቱ ውስጥ ይወሽቃል። አንዷ ድንጋይ ሥር ትደብቃለች፤ ስትወጣ ድንጋዩ ይጠፋባታል። ሌላው በጫማው ጀርባ ላይ በስክሪብቶ ስሙን ይጽፋል። እጅግ የተጠነቀቀውማ ግራውን በወንዶች በር፣ ቀኙን በሴቶች በር ትቶ ይገባል። አንድ እግር ጫማ ማን ይወስዳል? ይህ ሰው ስብከቱን በሙሉ ሰላም ያዳምጣል፤ ሲወጣ ግን ቀኙን ፍለጋ ሴቶች መካከል ሲሽሎከሎክ ይታያል። ብልሆቹ ደግሞ ለበዓል ከሳጥን የወጣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እግራቸው ላይ በቤት ውስጥ ካለው ጫማ ሁሉ የመጨረሻውን አሮጌ አድርገው ይመጣሉ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ብቻ ያየ ሰው ሁሉም ሙሽራ ይመስለዋል።

ደንቡ ራሱ አያጠያይቅም። ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ጫማውን እንዲያወልቅ ከታዘዘ ወዲህ ነገሩ ተቆርጧል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፖርቱጋል የተላከው ጸጋ ዘአብ ሊዝበን ላይ ተቀምጦ የኢትዮጵያን ሃይማኖት ለአውሮፓውያን ሲያስረዳ፣ በአገሩ በባዶ እግር ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን እንደማይገባ ገልጿል፤ ጽሑፉም እ.ኤ.አ. በ1540 ታትሞ ወጥቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝም ይህንኑ አይቷል። አልቫሬዝ ወደ ንጉሡ ሲጓዝ ያለፈው በአንጎት በኩል ነው፤ ማለትም በዚሁ በእኛ ሰፈር ጥግ። ጫማው ጠፍቶበት እንደሆነ አልመዘገበም። የኤምባሲ ሰው ስለሆነ ጠባቂ አያጣም ነበር።

ጉዳዩ የኦርቶዶክስ ብቻ እንዳይመስል፣ ጸሐፊው ሙስሊም ጎረቤቱን ጠየቀ። ጎረቤቱም «እኛ መስጊድ መደርደሪያ አለ» ሲል ኮራ፤ ጥቂት ዝም ብሎ «ጁምዓ ዕለት ግን…» አለና ወሬውን ወደ ማሽላው አዞረ።

ከዚያ ወዲያ ሐሳቡ ህንድ ድረስ ሄደ። ምን ይደረግ፣ የህንድ ፊልም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ አይቶ ያላደገ ማን አለ? ቤተ መቅደስ የሌለበት የህንድ ፊልም አልተሠራም ማለት ይቻላል። እናት ደረጃውን ትወጣለች፣ ደወሉን ትደውላለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ የጠፋው ልጅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው «ዲዋር» ላይ ደግሞ ኋላ አሚታብ ባቻን ሆኖ የሚያድገው ልጅ አልገባም ብሎ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ እናቱና ወንድሙ ብቻ ይገባሉ። ተመልካች ሁሉ ስለ ልጁ ቁጣና ስለ እምነት ያስባል። ጫማው የጠፋበት ሰው ግን ወዲያው የሚታየው ሌላ ነው፦ ልጁ ደጅ ከተቀመጠ ጫማው ተጠበቀ! ያውም ይኸው ልጅ በፊልሙ ውስጥ ሊስትሮ ነው።

እግረ መንገድ አንድ ነገር ይነገር። በጃንሆይ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩት ህንዶች ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለእኛ እህት ናት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1965 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ላይ በጠሩት ጉባኤ ካቶሊኮሷ ከእኛዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። እነርሱም ጫማ አውልቀው ነው የሚቀድሱት። እንግዲህ ሂንዱውም፣ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም ደጅ ላይ ጫማ የሚከምርበት አገር ጫማ ስለመጠበቅ አንድ ነገር ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ያውቃሉም። ኮልካታ አጠገብ በሁግሊ ወንዝ ዳር ቤሉር ማት የሚባል የሂንዱ ገዳም አለ። ያቋቋመው ስዋሚ ቪቬካናንዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ሄዶ በሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ በመናገር ዓለምን ያስደነቀው፣ በ39 ዓመቱም የሞተው መነኩሴ። የራማክሪሽና ሚሽንን በ1897 መሠረተ፤ በማግሥቱ ዓመት የገዳሙ ቦታ ተገዛ። ዛሬ የሚታየው ትልቁ ቤተ መቅደስ የተመረቀው በ1938 ሲሆን ሲያዩት ከአንድ በኩል መቅደስ፣ ከሌላ በኩል መስጊድ፣ ከፊት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ ሆን ተብሎ ነው እንዲያ የተሠራው። መነኮሳቱ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥተው መብራት አብርተው ይጸልያሉ። የእኛ ማኅሌታይ ይህን ቢሰማ አይደነቅም፤ እንዲያውም አርፍደዋል ይላል። ቀን ላይ ምግብ ለአምላክ ይቀርባል፤ የተቀደሰው ምግብም ሩዝና ምስር አብሮ ተቀቅሎ ለእንግዳ ይታደላል። በጸበል ጸዲቅ ላደገ ሰው ይህ ትርጉም አያሻውም። ከዚያ ቤተ መቅደሱ ይዘጋል፣ ሁሉም ያርፋል። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደወል ይደወላል፣ ካህኑ በምስሉ ፊት ብርሃን፣ ውኃ፣ ጨርቅ፣ አበባ በተራ እያነሣ ያዞራል፤ በመጨረሻም ጭራ። አዎ፣ ያው የእኛ ቄስ ዝንብ የሚያባርርበት ዓይነት ጭራ። መነኮሳቱና እንግዶቹ ወለል ላይ ተቀምጠው አብረው ይዘምራሉ።

ጀማሪው ነጭ ይለብሳል፤ ሥርዓቱን የፈጸመው ብርቱካናማ። ከመመንኮሱ በፊት የገዛ ራሱን ተዝካር ያወጣል፤ ለዓለም ሞቷልና። በእኛም ገዳማት ቆብ ለሚጭነው ሰው በቁሙ ጸሎተ ፍትሐት ይደረስለታል፣ ስሙም ይለወጣል። ይህን ሁሉ መመሳሰል ሊቃውንት ቢያጠኑት ደግ ነው። ጸሐፊው ግን ለሌላ ነገር ነው የመጣው። በዚያ ገዳም ደጅ ላይ ጫማ የሚረከብ ሰው አለ። እንግዳው ያስረክባል፣ ይገባል፣ ልቡን ይዞ ይገባል! በአምሪትሳር የሲኮች ወርቃማ ቤተ መቅደስማ ብሶ ጫማ የሚረከቡትና አቧራውን የሚጠርጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው ባለጸጋ ነጋዴና ባለሥልጣን አይጠፋም፤ ትሕትናን የሚማሩበት ቦታ ያ ነውና።

እኛ አገር ጫማ ጠባቂ አይታወቅም እንዳይባል ደግሞ ላሊበላ አለ። ሩቅ አይደለም፣ ያው ሰሜን ወሎ ነው። እዚያ ልጆቹ የፈረንጁን ጫማ ከመግቢያው በር አንሥተው በመውጫው በር በኩል ደርድረው ይጠብቁታል። ፈረንጁ ከአንዱ ቤተ መቅደስ ወደ ሌላው ሲዞር ጫማው ቀድሞት ይደርሳል። ቁንጫ ፈርቶ ያደረገው ወፍራም ካልሲ ብቻ ነው አቧራ የሚጠርገው። ለፈረንጅ ተችሏል ማለት ነው።

ከቆቦ ወደ ደሴ ሲኬድ ከመንገዱ ብዙም የማይርቀው ሐይቅ እስጢፋኖስም አለ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት። የዚህ ገዳም አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ከንጉሡ ጎን የሚቀመጥ፣ ማን መቼ ንጉሡ ፊት እንደሚቀርብ የሚወስን ታላቅ ሰው ነበር። ያኔ የንጉሥን ሰዓት የሚቆጣጠር መነኩሴ ያላጣች አገር ናት ዛሬ አንድ ኮንጎ መቆጣጠር ያቃታት።

ጸሐፊው በዚያ ቀን ብቻውን አልነበረም። ከገጠር በእግራቸው የመጡ አንዲት አሮጊት፣ እህል ሳይቀምሱ እስከ ቅዳሴው ፍጻሜ የቆሙ፣ ደጁ ላይ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ይፈልጋሉ። ለእርሳቸው ምትክ እንኳ አልተተወም። ዘበኛው ቀረብ ብሎ «እማማ፣ ለእግዚአብሔር ብለው ይተዉት» አላቸው።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ጫማ ያደርጋል እንዴ?» አሉት።

ማንም አልሳቀም፤ የሚያስቅም አልነበረም። ከወልዲያ እስከ አላማጣ በአስፋልቱ ዳር ጥላ ተዘቅዝቆ፣ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ፣ ለሕንጻ ማሠሪያ የማይለመንበት ቀን የለም። ይለመን፤ ሰውም ይስጥ። እምነ በረድ ይነጠፍ፣ ጉልላቱ ያብረቅርቅ። ነገር ግን ዕቅዱ ሲነደፍ፣ ኮሚቴው ሲሰበሰብ፣ ሒሳቡ ሲነበብ፣ የእኚህ ሴትዮ እግር በየትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው? እዚያ ጥላ ውስጥ የምትወድቀውን ብር ከመቀነታቸው ፈትተው የሚጥሉት እርሳቸው ናቸው። ሌላ ጫማ የላቸውም። እቤት የቀረ መለዋወጫ የለም፣ ባጃጅ የሚጠራላቸው የለም። በዚያ በሚንቀለቀል አሸዋ ላይ ሁለት ሰዓት ይሄዳሉ፤ እኛ ደግሞ ይህን የጽድቅ ሥራ አድርገን እንመክራቸዋለን! የሌላው እግር ሲቃጠል መጽደቅ እንዴት ቀላል ነው።

ጸሐፊው የተተወለትን ቁጥሩ ያነሰ ኮንጎ ሰጣቸው። ልካቸው ሆነ። እርሱ በምን እንደሄደ መጻፍ አያስፈልግም፤ የሄደው ግን ከጥላ ወደ ጥላ እየዘለለ ነው።

ህንዶች ጋ ስለዚህ ነገር አንድ እምነት አለ አሉ። ቅዳሜ ዕለት በቤተ መቅደስ ደጅ ጫማው የጠፋበት ሰው መጥፎ ዕድሉ አብሮ ሄዶለታል፤ ቅዳሜ የሻኒ፣ የዚያ አስፈሪ የሳተርን አምላክ ቀን ናትና። ስለዚህ ደስ ብሎት በባዶ እግሩ ይሄዳል። ለወሳጁ ምን እንደሚተርፈው አይናገሩም። ይህ መጽናኛ ለእኛ ይሠራ አይሠራ እንጃ፤ ዕለቱም ቅዳሜ አልነበረም። ወሳጁን ግን ከጊዜ በኋላ ሲያስቡት ያሳዝናል። ሁሉም ከአንድ ሱቅ ይገዛል፣ ሁሉም ጥቁር ነው፣ ሰውየው ዓይኑ ደክሞ ይሆናል፣ ጾሙም ራሱን አዙሮታል። አሁን በሁለት ቁጥር በሚበልጠው ጫማ እየተንሸራተተ የእርሱን የወሰደበትን ሰው እየረገመ ይሆናል። እርግማኑ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። የድሮ ሰው ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ነበር የሚያደርገው፤ በረባሶ እንደ ባለቤቱ እግር ይጣመማል፣ ሌላ ሰው ቢያደርገው አያስኬደውም። ዛሬም ገበያ ላይ አይጠፋም፤ ወጣቱ ግን ያፍርበታል።

የመደርደሪያው ሐሳብ በመጨረሻ መቅረቡ አልቀረም። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ አናጢ ከዋርካ ጥላ ሥር ተቀመጡ። አናጢው ባሕር ዛፍ ይሁን አለ። በቆላ ባሕር ዛፍ ክረምት ሳይወጣ ምስጥ ይጨርሰዋል ተባለ። ዋንዛ ይሁን ቢባል ከየት ይመጣል፣ በስንት? እንግዲያው ብረት ይበየድ አለ አንዱ። ብረቱ በቀትር ፀሐይ ላይ ቢቆም የሚቀመጥበትን ፕላስቲክ ጫማ አያለሰልሰውም ወይ ሲል ሌላው ጠየቀ፤ ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ብዙ አከራከረ። ቆርቆሮ ይከደንበት ተባለ። ቆርቆሮ ከተከደነ ቤት ነው፣ ቤት ከሆነ የሰበካ ጉባኤ ይወስን። ደግሞስ የወንዶችና የሴቶች ለየብቻ ነው ወይስ አንድ ላይ? የልጆችስ? ጠባቂው በደመወዝ ነው ወይስ በጽድቅ? አናጢው ሜትሩን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ሥራ እንዳለበት ተናገረ፤ ሽማግሌዎቹም ጉዳዩን ለሚቀጥለው በዓል አሳድረው ስለ ማሽላው ዋጋ ማውራት ጀመሩ፤ ዘንድሮ ወፍ አስቸግሯል አሉ።